በአንድ ዓይን የተሣለው ሊቀ መንበር

ጥር 12 ቀን 1973፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንዶድ ስወቅጥ ዋልሁ። መዳፌ ተላጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት የሥነ ሕይወት አማካሪዎች ዱቄቱን ሐይቁ ዳር ሊረጩት ነው። ቢልሃርዝያ የሚያመጣውን ቀንድ አውጣ ይገድላል አሉ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ያጠብሁበት ነገር ዛሬ ሳይንስ ሆነ። ይሁን።

አለቃቸው ዶክተር ሰሎሞን፣ ሕዝቡ ንግግር ይሰለቸዋል ብለው በሥዕልና በቀበሌው ኪነት ሊያስተምሩ አስበዋል። ሥዕሉ ለወንድሜ ለመሪጌታ አያሌው ተሰጠ። የደሴቶቹን አብያተ ክርስቲያናት የሚሥል እሱ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደገ እንዶድ ውሃ ውስጥ ሲጨምር፣ በትልቅ አቡጀዴ ላይ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጭቅጭቅ። ዶክተሩ ሊቀ መንበሩ ከጎን ይታይ፣ ዓይኑ ውሃው ላይ ይሁን አሉ። ወንድሜ ብሩሹን አስቀመጠ። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው፤ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል አለ። ዶክተሩ ሳቁ። «መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ቅኔ ማኅሌት አይደለም።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። «አንተ፣ እሳቸው ተምረዋል፤ ያሉህን ሣል» አልሁት።

አንተ ደብተር፣ ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። የተማረ ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ልጻፍ።

አቡጀዴው ገበያ መሐል ተሰቀለ። የኪነቱ ልጆች ከበሮ መቱ። አንዲት አሮጊት አማተበች። ከበግ ተራ በኩል አንዱ «ጓድ ይሁዳ ውሃችንን ሲመርዝ!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ጓድ ታደገ የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው። ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገም። ፊቱ አመድ መሰለ።

የቀበሌው ጠባቂዎች ወንድሜን ከሥዕሉ ሥር ጎትተው ጣሉት። በሰደፍ ጀርባውን፣ ጥርሱን። ከዚያ ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግተው አንዱ ክንዱን ረገጠ፣ ሌላው ጣቶቹን መታ። ሲሰበር ሰማሁት። እንጨት ይመስላል ድምፁ። እኔንም አንዱ በጥፊ አጋደመኝ።

ዶክተሩ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ጫማውን ያይ ነበር። ያን ጊዜ ዘነዘናዬ በእጄ ቢሆን አናቱን እከፍለው ነበር።

ጥር 17፣ እሑድ

ስንቅ ይዤ ወንድሜ ወደታሰረበት ቀበሌ ሄድሁ። አላስገቡኝም። ዘበኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው። እትዬ ጠጅቱ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ በፀረ አብዮት ወደ ላይ ይልኩታል አለኝ። ምግቡን መልሰሽ ውሰጂው፣ በአፉ ምንም አያስገባም አለኝ። ወደ ላይ ሄዶ የተመለሰ አላውቅም።

የወንድሜን የቀለም ሣጥን በረበርሁ። ሥሩ ላይ ወረቀት አለ። ፊደል በፊደል አነበብሁት። «ሊቀ መንበሩ ከጎን ይታይ።» የዶክተሩ ጽሕፈት፣ የዶክተሩ ፊርማ፤ ያን ረቡዕ ለወንድሜ የሰጠው ትእዛዝ።

አሥር ሰዓት። ዶክተሩ ራሱ መጣ። ፋሻና መድኃኒት ይዟል። ለወንድሜ ነው አለ። በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ያቺ ወረቀት እርስዎ ጋ ናት?»

«ብትሆንስ?»

«እኔ ምን አውቄ? የእናንተን ሥርዓት ማን አስተማረኝ?»

«ነገረህ። ሳቅህበት።»

እስከ ዛሬ አንተ ብዬው አላውቅም። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ አለ። ቀስ ብዬ ባለሥልጣን አነጋግራለሁ አለ። ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ይህ ሰው አምና በቢልሃርዝያ ደም ስሸና ክኒን ሰጥቶ ያቆመልኝ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቀስ ብሎ ስንት ቀን ነው? አልሁት። ፋሻውን በርጩማው ላይ ትቶ ወጣ።

ጥር 18፣ ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጧት

አልተኛሁም። ወረቀቱን ብሰጥ የዶክተሩን ጣቶች እንደዚያው ይሰብራሉ። ክኒኑን የሰጠኝን እጅ። ብደብቀው ወንድሜ ይገደላል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ደግሞ ሣል ያለው ዶክተሩ ብቻ ነው? የእኔ ምላስ ወረቀት ስለሌለው ነጻ ወጣ።

እርሳስ ቀረጽሁ። ከፊርማው ሥር ጻፍሁ፦ ወንድሜ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሣል ብዬ ያስገደድሁት እኔ እኅቱ ጠጅቱ ነኝ። ፊደሉ ተንጋደደ፤ ይነበባል።

ለዶክተሩም ለእኔም የሚበቃ ሰደፍ አላቸው። መኪናው ሳይደርስ ወረቀቱን ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ።