ቤቴን ሳልሞት ልደልድል

ጥቅምት 6

የውሃ ቀን። ሁለቱም በርሜሎች ሞሉ። አንዱ ለመጠጥና ለማብሰያ፣ አንዱ ለልብስና ለወለል። የሳምንቱን ድልድል ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ፤ ማን መቼ ያበስላል፣ ማን ገበያ ይወጣል።

እትዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

"ጡረታ የወጣሽ መስሎኝ ነበር" አለች።

በቤቱ ያለነው ሁለት አሮጊቶች ነን። እኔና የሟቹ ባሌ ታላቅ እህት። ለሁለት ሰው ድልድል ምን ያደርጋል? ያደርጋል። የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ስደለድል የኖርኩ ሴት ዝም ብዬ ብቀመጥ እጄ ይበላኛል።

ጥቅምት 11

ነገ ሆስፒታል እገባለሁ። የሐሞት ጠጠሩ ሊወጣ ነው። የሚበላውን ሁሉ አብስዬ በየዕቃው ላይ የሚበላበትን ቀን ለጠፍኩበት። ትንሿ ልጄ እስክመለስ እዚህ ታድራለች። ለእትዬ የቤቱን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋት። "እሺ፣ እሺ" አለች። እትዬ ሁለት ጊዜ እሺ ካለች አልሰማችም ማለት ነው።

ጥቅምት 19

ቤቴ ገባሁ። ማድቤቱ አሁንም እርጥበት ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውሃው ቀን ትንሿ ቧንቧውን ከፍታ ተኛች። በርሜሉ ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ማድቤቱን አጥለቀለቀው፣ የዱቄቱን ጆንያ ከሥር በላው። እትዬ ቀድማ ነቅታ ጮኸች። ግን ማጥፊያው የት ነው? ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለዚህ ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ለማንም አላሳየሁም።

ሆስፒታል ደወሉ። ከሰመመን ገና እየነቃሁ ነበር። ነርሷ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዛልኝ፣ እኔ "ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ… ወደ ቀኝ… አጥብቀሽ አዙሪው" እላለሁ። ሌላው ሁሉ ገና "የት ነው ያለሁት?" እያለ የሚነቃበት ክፍል ውስጥ። ነርሷ ቧንቧ ሠሪ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ስቀን ስናበቃ ግን ሳቁ አልቆየኝም። ይህ ቤት ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ የሄደ ቀንስ? ያን ቀን ስልክ አይሠራም።

ጥቅምት 22

ሁለቱም ልጆቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ትልቁ ብርቱካን ይዞ፣ ትንሿ ይቅርታ ይዛ። ሻይ እየጠጣን ነገርኳቸው። ኑዛዜ ላደርግ ነው።

ትንሿ ስኒዋን አስቀመጠች። "እማዬ፣ እባክሽ ሟርት አታውሪ። ገና ትላንት ከሆስፒታል ወጥተሽ…"

"ስለወጣሁ ነው እንጂ። ባልወጣማ በምን አፌ አወራው ነበር?"

እትዬ ሳቀች። ትንሿ አለቀሰች። ትልቁ ምንም አላለም።

የሳምንት ምግብ ሳቅድ "እናታችን እኮ ጠንቃቃ ናት" እባላለሁ። ለክረምት በበጋ ብርድ ልብስ ሳጥብ ብልህ ነኝ። ለቤቱ ሳቅድ ሟርተኛ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ነገ ሰው ይርበዋል ብሎ ዛሬ ማሰብ ረሃብን መጥራት ነው እንዴ?

ኅዳር 2

ትልቁ ለምን ዝም እንዳለ ዛሬ ገባኝ። እያሰበ ነበር።

ብቻውን መጣ። ፋይል ይዟል። "ኑዛዜ ምን ያደርጋል እማዬ? ወረፋ፣ ፍርድ ቤት፣ ጭቅጭቅ። ቤቱን አሁኑኑ በስጦታ ወደ እኔ ስም እናዙረው። የእህቴን እኔ አስተካክላለሁ። አንቺ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ክፍልሽ ተቀብቶ አልቋል።"

"በምን ቀለም?"

"ክሬም።"

"ክሬም እወዳለሁ ያለህ ማን ነው?"

"እማዬ፣ ቀለም ላይ አንጣላ።"

ልክ ነው፤ በቀለም አንጣላም። ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩት። "እትዬስ?"

ስኒውን አዞረ። ደግሞ አዞረ። "አክስቴ… እናያለን። አንድ ቦታ አይጠፋላትም።"

እናያለን። እኔ ትምህርት ቤት ስውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ሴት፣ እናያለን። በዚህ ቤት እሳት ሳይለኮስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደቀረ ነው። ትምህርት ቤት አመሸ፣ ጓደኛ ቤት ዋለ፣ የማንም ድርሻ ተነሥቶ ተከድኖ ይቆያል። እዚህ ቤት ያደገ ልጅ ሰው ቆጥሮ አንድ ጎደለበት።

"እኔ የምፈርምበት የት ነው?" አልኩት።

ፊቱ በራ። አሳየኝ።

"ደህና። ሻይህን ጠጣና ባዶውን የፊርማ ቦታ እንዳለ ይዘኸው ሂድ።"

ኅዳር 5

ስልክ ደወለ። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። በርሜል እየሞላሁ ነው፤ ሥራ ላይ ነኝ።

ኅዳር 14

ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ትልቁ ነግሮታል መሰለኝ፤ ድምፁ ሽማግሌ ሽማግሌ ይላል።

"ልጅሽን አታስቀይሚ። ነገ የሚቀብርሽ እሱ ነው።"

"ሳይቀበር የቀረ ሰው አይተሃል?"

 ሳቁ አመለጠው፣ ደግሞም ተቆጣ። "አንቺ ድሮም እንዲሁ ነሽ።"

ነኝ።

ኅዳር 20

አንዲት ጠበቃ ዘንድ ዋልኩ። ተማሪዬ ነበረች፤ ያኔ ለፍላፊዋ ነበር የምንላት። ዛሬ በልፍለፋዋ እንጀራዋን ትበላለች። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ "ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት" አለች።

ማን ምን ይወስዳል የሚለውን አስቀድሜ አስቤዋለሁ። ቤቱ ለሁለቱም እኩል፣ አለቀ። እሷ ግን እዚያ ላይ አልቆመችም። "እርስዎ የሌሉ ማግስት፣ ጠዋት፣ በቤቱ ውስጥ ማን ይነሣል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ማንስ ውጣ ሊባል ይችላል?"

ደስ አለችኝ። የቤት ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ሰዎች ኑዛዜ የሀብታም ነገር ይመስላቸዋል። እኔን ግን በየሳምንቱ የምሠራውን ነው የጠየቀችኝ።

እንዲህ ተባለ፤ እትዬ በሕይወት እስካለች የጓሮው ክፍል መኖሪያዋ ነው፣ ማንም አያስወጣትም።

"ልጆቹ ቤቱን ቢሸጡትስ?"

"የሚገዛው ሰው ከነእሳቸው ይገዛዋል" አለች ለፍላፊዋ።

ረቂቁን ይዤ ወጣሁ። በመንገዱ ስሄድ እግሬ ቀለለኝ። ትልቁ ይምጣና ያንብበው።

ታኅሣሥ 1

ጉድ ነው ዛሬ የሆነው።

ረቂቁን ለእትዬ አነበብኩላት። አነበብኩ ብቻ? ድምፄን አሳምሬ ነው እንጂ። ታለቅሳለች፣ አቅፋ ትስመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"የጓሮውን ክፍል እፈልጋለሁ ያለሽ ማን ነው?"

"እትዬ… ስንት ዘመን የኖርሽበት ክፍል እኮ ነው።"

"የኖርኩበት ስላስቀመጣችሁኝ ነው። ለመግባት በማድቤትሽ ማለፍ አለብኝ። ልጅሽ ነገ ማድቤቱን ቢቆልፈው ይሄ ወረቀትሽ ምን ያደርግልኛል? በመስኮት ልዝለል? በዚህ ጉልበቴ?"

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ከልጄ የተጣላሁት።"

"ተጣዪ ብዬሻለሁ? ልጅሽ ክፍል ቀብቶ ጠበቀሽ። አንቺ ወረቀት ጽፈሽ ጠበቅሽኝ። በምን ተለያያችሁ?"

ቢላዋውን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ሽንኩርቱን ጭምር።

ታኅሣሥ 3

አላነጋገረችኝም። የኔ ተራ ሆኖ አበሰልኩ፤ በዝምታ በላች፤ ሳህኗን በዝምታ አጠበች።

እንዴት ደፈረችኝ… አልኩ ጠዋት። ከሰዓት ላይ አብሮኝ ይሠራ የነበረው የሒሳብ አስተማሪ ትዝ አለኝ። የክፍለ ጊዜውን ድልድል ግድግዳ ላይ ባየ ቁጥር "እኔን የት ከተትሽኝ?" ይል ነበር። ቀልዱን ነበር የምወድለት። አሁን ሳስበው እየቀለደ ነበር እንዴ?

ታኅሣሥ 6

በሯን አንኳኳሁ። የማድቤቱን በር ማለቴ ነው፤ ሌላ የላትም።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ምን ፈልገሽ መጣሽ ነው የሚባለው። የመጣሽው አንቺ ነሽ።"

"ከቤቱ ነው የምልሽ። ምን ትፈልጊያለሽ?"

 የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

"በር" አለች። "የራሴ በር። በኋላው መንገድ በኩል።"

"ለመውጫ?"

"ለመግቢያማ። ሰው መጥቶ እንዲያንኳኳልኝ። እስካሁን ወደ እኔ የመጣ ሰው የለም። ወደ እናንተ ቤት መጥቶ፣ እግረ መንገዱን 'እትዬስ ደህና ናት?' ይላል።"

 የቤቱን ጥግ ሁሉ አውቃለሁ ስል ነበር። ይሄን አላውቅም።

ጥር 9

ግንበኛው መጣ። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ጣሪያውን አየ፣ "ይሄ ምንም አልተሸከመም፤ ይከፈታል" አለና ዲጂኖውን አነሣ። የግንባታ ፈቃዱ በእጄ ነው። ለፍላፊዋ ጨርሳዋለች።

የመጀመሪያው ብርሃን ሲገባ ትልቁ ደረሰ። ማን ነገረው? ትንሿ ትሆናለች። ጫማው በአቧራ ተለወሰ።

"እማዬ፣ ግድግዳ ታስፈርሻለሽ? የቤቱ ዋጋ እኮ ይወርዳል።"

"ለማን ነው የሚወርደው?"

"ለሚገዛው ነዋ።"

"ማን ሸጠለት?"

ግንበኛው መካከላችን ቆሟል። "ልቀጥል ወይስ ልጠብቅ?"

"ቀጥል" አልን። እኔና እትዬ፣ እኩል።

ልጄ ወደ እትዬ ዞረ። "አክስቴ፣ አንቺ እንኳን ምከሪያት።"

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እዚሁ ክፍል ውስጥ አዝዬህ ስታለቅስ አድረሃል። አሁን ደግሞ ቆመህ ልታለቅስ ነው?"

ግንበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጄ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ "እኔን አላመንሽኝም ማለት ነው" አለ።

"አምንሃለሁ። ስለዚህ ነው ሳልደብቅ፣ በቀን፣ እያየኸኝ የማፈርሰው።"

ሄደ። በሩን አላላተመም። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ጥር 16

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ሹሙ ፊት ፈረምኩ። ምስክሮቹ ፋርማሲስቱ ጎረቤታችንና የትምህርት ቤታችን የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። የእትዬ አንቀጽ ተለወጠ፤ ክፍሉ፣ በሩ፣ ቁልፉ፣ ውሃ የመቅዳት መብቷ ጭምር። እያንዳንዱን ቃል እሷው ናት ያስጻፈችው። ለፍላፊዋን እስኪሰለቻት አስለወጠቻት። "እኖራለሁ" የሚለውን "ትኖራለች" ብላ ስትጽፈው፣ "ለምን? እኔ አይደለሁ የምኖረው?" ብላ እትዬ ተከራከረች። ተረታች፤ ግን ተከራክራ ነው።

ትንሿ ከሰዓት መጣች። አነበበች። ሟርት የሚል ቃል አልወጣትም።

"ወንድሜ ቢቆጣስ?"

"ይቆጣ። ቁጣ ኑዛዜ አያፈርስም ብላለች ጠበቃዋ።"

እጅጌዋን ሰበሰበች። "ያንን ማጥፊያ አሳይኝ። በመጀመሪያ እሱን።" ከገንዳው ጀርባ በሆዷ ተኝታ ራሷ አዞረችው። ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ ሄድን፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው መውጫ፣ ከዚያ ወደ ቁልፎቹ። ሲመሽ ሁለታችንም ደክሞን ነበር። ስለ ሞት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ስለ ቤት ብቻ።

ጥር 28

ትልቁ አይደውልም። እኔም አልደውልም። ስህተት ብሠራ ደውዬ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። አልሠራሁም። ልጄ ናፍቆኛል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አላቀላቅልም።

የካቲት 4

ግንበኛው ጨርሷል፣ አናጺው ጨርሷል፣ ቀለሙ ደርቋል። ዛሬ የማብሰል ተራው የእትዬ ስለሆነ ልጠራት በልማዴ ወደ ማድቤት ሄድኩ። የውስጡን በር ገፋሁት፤ አልከፈት አለኝ። ከእሷ በኩል ተቆልፏል።

"እትዬ፣ ተቆልፏል እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች ከውስጥ። "በዚያ በኩል ዙሪ።"

በገዛ ቤቴ… ዙሪ። ሹራቤን ደረብኩ፣ ጫማ አደረግኩ፣ በግቢው በር ወጥቼ አጥሩን ዞርኩ። ኋላ መንገድ ላይ ቆሜ አንኳኳሁ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"የወንድምሽ ሚስት ነኛ።"

ስንጥቅ ታህል ከፈተችው። በሩን ብቻ ሳይሆን ሳቋንም የያዘች ትመስላለች።

"እንግዳ አለብኝ። ቆይተሽ ነይ።"

ከጀርባዋ ስኒ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ። ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነው የሚጠርገው። ልጄ ነው። መጥቶ አንኳኳ፤ የእኔን በር ሳይሆን የእሷን።

ልግባ አላልኩም። ና ወደ እኔም አላልኩትም። እልሁ ገና አልወጣለትም፤ የእኔም ገና ነው። ሲወጣለት የሚመጣበትን በር ያውቃል።

"እሺ፣ እሺ" አልኳት።

ዘጋችው። ጥቂት መንገዱ ላይ ቆሜ በሩን አየሁት። ደማቅ ብርቱካናማ ነው። እኔ ብሆን አልመርጠውም ነበር።