የሦስት ቁጥር ሻወር

መስከረም 22
ዝናብ። ጠዋት ጋሼ ገሠሠ ፔንሲዮን ገባሁ። የሦስት ቁጥር ሻወር... የራሴ ሥራ! ስድስት ዓመት ለጋሽ ሙሐመድኑር ስፓቱላ ሳቀብል ኖሬ ዛሬ ቀለም ቀቢዋ እኔ ነኝ። ይሄ ካማረ የቀሩት ስምንት ሻወሮችም የእኔ ናቸው። ካላማረ ጋሽ ሙሐመድኑር ይጠራሉ። ጋሼ ገሠሠ ፊት ለፊት ነው የነገሩኝ። ይሁን። እችለዋለሁ።

አምና የለጠፉት የግድግዳ ወረቀት ከላይ አበባ፣ ከኋላው ሻጋታ። በሙቅ ውሃ እያራስኩ ላጥኩት። እስከ ምሳ አለቀ።

"በቃ፣ ነገ ትቀቢዋለሽ?" አሉኝ።

ኧረ ተዉ ጋሼ!

መስከረም 23
ወረቀቱ ወርዶ ሙጫው ቀርቷል። ለዐይን አይታይም፤ በእርጥብ እጅ ሲነኩት ግን ያሙለጨልጫል። ጋሽ ሙሐመድኑር አይነኩትም ነበር። "ቀለም ሁሉን ይሸፍናል፣ ሎሚ" ይሉኛል። እሳቸው ከቀቡት ሻወር ስንቱ ነው ዓመት ሳይሞላው የተላጠው? እኔ ሙጫ ላይ አልቀባም። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሻጋታውን በበረኪና። ክንዴ ዝሏል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

መስከረም 25
ስንጥቁንም ቀዳዳውንም በስቱኮ ደፈንኩ። አልደርቅ አለ። ይሄ ዝናብ! ጥቅምት 6 የጋሼ ልጅ ሰርግ ነው፤ እንግዶቹ ከቴፒ መጥተው እዚሁ ያድራሉ። ጋሼ በየሰዓቱ ብቅ ይላሉ።

"ደረቀ?"

"አልደረቀም።"

"አሁንስ?"

መስከረም 26
ምን ነካኝ? ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ የከሰል ምድጃ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። ከምሳ ስመለስ ስቱኮው ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ስነካው ረገፈ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ... ትንሽ። ከዚያ ሁሉንም ፋቅኩት።

ጋሼ ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ።" የተፋቀውን ግድግዳ አዩና ወጡ። ጋሽ ሙሐመድኑር ጋ ሊደውሉ ይሆን?

መስከረም 28
አልደወሉም። እንደገና ስቱኮ። አሁን ስስ አድርጌ። መስኮቱ ክፍት፣ ምድጃ የለም። መጠበቅ ብቻ።

ጥቅምት 1
ላዩ ነጭ ሆኗል። ጋሼ በመዳፋቸው ዳበሱት። "ደርቋል! ዛሬውኑ ቀቢው።"

ትናንት ፌስታል ቀድጄ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ላጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ውስጡ ከግድግዳው የወጣ ውሃ አቁሯል።

"እንግዳ እየመጣብኝ አንቺ በፌስታል ትጫወቻለሽ?"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቡና ጆንያ ውስጥ ይከታሉ?"

ሠላሳ ዓመት ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን አዩኝ፣ ፌስታሉን አዩ።

"ይሻግታላ" አሉ ቀስ ብለው።

"እና?"

"...ስንት ቀን ልስጥሽ?"

ሦስት፣ አልኩ። ምናለ አራት ባልኩ!

ጥቅምት 4
ፌስታሉ ደረቅ! ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ የመጀመሪያውን እጅ ቀባሁ። ያዘ።

ጥቅምት 5
ሁለተኛው እጅ። አምሯል። ማንም ሳይነግረኝ አምሯል።

ጥቅምት 9
ሰርጉ አለፈ። ስምንቱም ሻወር የእኔ ሆነ። ዛሬ የአራት ቁጥሩን ወረቀት ስልጥ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ጋሽ ሙሐመድኑር! ሦስት ቁጥርን አይተው ነው የመጡት።

"ሙጫውን ምን አደረግሽው?"

ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አማን ከተማ የቀቡት ሻወር ተላጦባቸው ባለቤቱ ድገሙት ብሏቸዋል።

"ነገ ጠዋት መጥተሽ ታሳይኛለሽ?"

ስድስት ዓመት "ነይ" ሲሉኝ ሮጬ ነው የሄድኩት።

"ነገ ሥራ ላይ ነኝ ጋሽ ሙሐመድኑር። ቅዳሜ ይሁን።"

ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

"እሺ" አሉኝ።