ላይ የሚንሳፈፈው ፍሬ

ልጄ ኢዮስያስ፣ በወጣህበት በገባህበት ሁሉ ጌታ ፊቱን ያብራልህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አልቆም ብሎ የዲላ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ የጉልበቴም ሕመም እንደነበረው ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወጣቶቹ ሰው የምትመክርበትን ቪዲዮህን በስልክ አሳዩን። «ራሳችሁን እወቁ፤ እኔ ማንም ሳይደግፈኝ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ» ትላለህ። ደሜ ፈላ። እህትህ ኤልቤቴል አጠገቤ ቆማለች። አንተ እንድትማር ትምህርቷን ትታ ወርቃ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ቡና ስትለቅም የኖረችው እሷ፣ ሰው አይደለችም ማለት ነው? እሷ ግን «እማ፣ ንግግር እንዴት አምሮበታል» ብላ ፈገግ አለች። ያኔ ይብስ ተቃጠልኩ።

እሸት ቡና ውሃ ውስጥ ሲገባ ላይ የሚንሳፈፈው የትኛው እንደሆነ አልረሳህም፤ ባዶው ነው። የሞላው ታች ይቀመጣል፤ አይታይም። ራሱን የሚያውቅ ሰው ማን አዝሎ እንዳሻገረው ያውቃል። ይህን ያላወቀ ሌላውን ምን ብሎ ይመክራል?

ብቆጣም ልጄ ነህ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ማስተዋል ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለኤልቤቴል ደውልላት። ምክሩን ግን ተወው። «እንዴት ነሽ» በላትና እስክትጨርስ ዝም ብለህ ስማት።

እናትህ አልጣሽ