ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን
ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ስኳርህ ወረደልህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጄ ሐሊና ብቻ ትከሻዋን ትንሽ ያማታል፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ስለ እማዬ ከሁሉ በኋላ እመጣለሁ።

ኢሜይል ያላደረግኩልህ ጸሐፊህ አትማ ጠረጴዛህ ላይ ስለምትዘረጋው ነው። ይኼን የሥራ ባልደረባዬ ሙሉሸዋ ሐሙስ አዲስ አበባ ስትገባ በእጅህ ትሰጥሃለች። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ስናደድ ጽሕፈቴ እንደሚበላሽ ታውቃለህ። ታገሠኝ፣ ወይም አትታገሠኝ፣ እንደወደድክ።

ላንጋኖ ላይ ለምታሠራው ሎጅ የውሃ ስኪና የዌክቦርድ ጀልባ ምረጪልኝ ያልከኝ አንተው ነህ። ኬንያ ዕቃው አለ፣ አንቺም አለሽ፣ ሐሊናም ስፖርቱን ትችላለች አልክ። የላንጋኖን ስም መስማት እንደማልወድ እያወቅክ ጠየቅከኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ዛሬም አይገባኝም። ታላቅ ሲያዝ እሺ ማለት ለምዶብኝ ይሆናል።

ሦስት ወር ሙሉ፣ ሳምንቱን ጊጊሪ መሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ለስብሰባ ስንከራተት ከርሜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ናይቫሻ ወረድኩ። እዚያ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚጠግኑ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፣ አቶ ኣስፍሃ ይባላሉ፤ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ሁሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለስኪ ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተወው ውሃ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ለዌክቦርድ ደግሞ ልጆቹ የሚዘሉበት ትልቅ ማዕበል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሆዷ ውስጥ ባሉት ከረጢቶች ውሃ ይሞላና ከበድ ትላለች። ሞተሯ መሐሏ ላይ ሲሆን የሚሽከረከረው ብረት ከሥሯ ይገባል፤ ከኋላ የሚወጣ ልጅ እግሩን አይቆረጥም። ከነጂው ጎን ደግሞ ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር አለ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከሚጎተተው ሰው ላይ ዓይኑን አለመንቀል። እዚያ የተቀመጠ ንጉሥም ቢጠራው አይዞርም አሉኝ አቶ ኣስፍሃ።

እንዲህ ያለችውን አገኘሁልህ። ነጭ፣ አዲስ፣ ከመሪዋ በላይ ሰፊ ስፖኪዮ ያላት። ፎቶዋንም ወረቀቷንም ላክሁልህ። አንተስ ምን አደረግክ? ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብለህ ካሣሁንን ላክህብኝ! ያንን እዚህ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሚኖር ጓደኛህን፣ በዕድሜው ሙሉ ከሻወር ሌላ ውሃ ገብቶ የማያውቀውን። እሱም በሁለት ቀን ሌላ ጀልባ አገኘ። ሶፋ ያላት፣ የሙዚቃ ስፒከር የተሰቀለባት፣ ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ወንበሮቿ ሁሉ እንደ ማታቱ ታክሲ ወደ ፊት የተደረደሩ፤ ስፖኪዮ የሚባል ነገር የላትም። ስለ ነጯ ደግሞ፣ እዚያ ጀልባ ላይ ሰው ለጀልባዋ ባለቤት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው ብሎ ነገረህ። አንተም ደውለህ ነውር ነው አልክ። ትልቅ ሰው ጋብዤ ጀርባውን ይስጠኝ ወይ፣ ሎጄ ስሙ ምን ይባላል አልክ።

ጀልባ ናት እኮ፣ ወንድም ጋሼ! ሳሎን አይደለችም! ይህንን ሦስት ጊዜ በስልክ አስረዳሁህ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ያለፈው ቅዳሜ ካሣሁን ነጯን በዓይኑ አይቶ ይፍረድ ብዬ ናይቫሻ ወሰድኩት። አቶ ኣስፍሃ ይነዳሉ፣ ካሣሁን ከፊት ተንፈላስሷል፣ እኔ ወደ ኋላ በሚያየው ወንበር ላይ ነኝ፣ ሐሊና ሰሌዳዋን በእግሯ አስራ ገመዱን ይዛ ትከተለናለች። ካሣሁን ስለ ሎጅህ ያወራል፤ እኔ ሳልዞር እመልስለታለሁ። መጨረሻ ላይ ከፋው። እቴ፣ ሰው እያናገረሽ ጀርባ ትሰጫለሽ እንዴ፣ የእናንተ ቤት ልጅ እንዲህ አላደገችም አለኝ።

ዞርኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ መሥሪያ ቤት ሃያ ሰው አስተዳድራለሁ፣ ከኋላዬ ያለችው አንዲት ልጄ ናት፣ እኔ ደግሞ ከማንም በላይ አለመዞር ያለብኝ ሰው ነኝ። ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፈገግም ብዬለታለሁ።

አቶ ኣስፍሃ በስፖኪዮው አይተው ነው መሪውን የጠመዘዙት። ሐሊና ወድቃ ቄጠማው አጠገብ ቀርታለች፤ ከእሷ እልፍ ብሎ የጉማሬ ጀርባ ብቅ ብሏል። ደርሰን አወጣናት። ተንሳፋፊ ጃኬት ነበራት፣ እግዚአብሔርም ነበራት። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ የት ነበር የምታዪው አለችኝ። ካሣሁን ሳቅ ብሎ፣ በስዋሂሊ አይዞሽ ሲል፣ ፖሌ ሳና ሐሊና፣ አድቬንቸር ነው አላት። ወደ ውሃው ብገፈትረው እንዴት ደስ ባለኝ።

ይኼ ሁሉ ግን አልነበረም ያሳበደኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው ወሬውን ያፈነዳው። ወንድምሽ ባለ ሶፋዋን ጀልባ ወስኗል፣ ጎኗ ላይ ሐብተማርያም ተብሎ በትልቁ ይጻፍ ብሎኛል፣ ለወንድማችሁ መታሰቢያ አለኝ። ለመታሰቢያ!

እንግዲያው እናስታውስ። ረስተኸው ከሆነ እኔ ላስታውስህ።

በ1966 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የመሥሪያ ቤትህን ጀልባ ተውሰህ ላንጋኖ ወሰድከን። አንተ ትነዳለህ። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሐብተማርያም አሥራ አንድ። ወደ ኋላ ዞረሽ እሱን ጠብቂ ብለህ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ። ስኪው ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር፤ ጥርሱ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ስለ ትምህርት ውጤቴ ትቆጣኝ ጀመር። እየሰማሁህ ነው አልኩ፣ ዓይኔን ሳልነቅል። ታላቅሽ ሲቆጣሽ ጀርባሽን ነው የምትሰጪው፣ ወደ እኔ ዙሪ ብለህ ጮኽክብኝ። ዞርኩ። ቁጣህ ረጅም ነበር። ስታበቃ ገመዱ ባዶውን ውሃው ላይ ይዘል ነበር። ጃኬት አልነበረውም፤ ስፖኪዮም አልነበረም። ያገኙት በማግሥቱ ነው።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሲጠይቅ፣ እሷ ነበረች የምታየው አልክ። ውሸት አይደለም። ግማሹን እውነት ተናግረህ ግማሹን ዋጥከው፤ ለዚህ ነው ማስተባበል ያልቻልኩት። እማዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሙት ዓመቱ፣ አንዳንዴም እህል እየበላን ድንገት፣ ልጄ ዓይንሽ የት ነበር ትለኛለች። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም። ታላቅን ማጋለጥ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ አይደለሁ? አንተም አጠገቧ ተቀምጠህ፣ ተያት እማዬ፣ ልጅ ነበረች ትላለህ፤ ደግ ሰው! ናይሮቢ የመጣሁት ደመወዝ ፍለጋ ይመስልሃል?

እና አሁን ስሙን ማንም ወደ ኋላ በማያይበት ጀልባ ላይ ልትለጥፈው ነው። እንዴት አላፈርክም? እውነቴን ነው የምጠይቅህ፣ እንዴት?

ትናንት ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ናይቫሻ ሄድኩና የነጯን ጀልባ ወረቀት ፈረምኩ። ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ ካሣሁንም አንተም መሻር አትችሉም። በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ትመጣልሃለች። ወንበሩን ልታስነቅለው ትችላለህ፤ ንብረትህ ነው። ካስነቀልከው ግን ምን እንዳስነቀልክ አውቀህ ነው። ስሙን በተመለከተ፣ አንድም ፊደል እንዳይጻፍ ለአቶ ኣስፍሃ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ምክንያቱን አልጠየቁኝም።

አሁን ስለ እማዬ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩላትና የሐሊናን አወዳደቅ ነገርኳት። እንደ ልማዷ ዓይንሽ የት ነበር አለች። ካሣሁን ወደ እኔ ዙሪ ብሎኝ ዞሬ ነበር አልኳት። ያን ጊዜስ ማነው ዙሪ ያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ እንደማልዋሻት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። መልሴ አጭር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስደውል ስልኩን ሠራተኛችሁ አነሣች። እማዬ ከእሑድ ወዲህ ከአንተ ጋር ገበታ እንዳልቀረበች፣ እንደምን አደርሽ ስትላትም እንደማትመልስልህ፣ አንተም ደም ብዛቷ ተነሥቶ ይሆናል ብለህ ሐኪም ልታመጣ እንደሆነ ነገረችኝ።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ፤ ለእኔም ይቅር የምልበትን ቀን ያምጣልኝ፣ ገና አልመጣምና። ልጆችህን ሳምልኝ።

ሐኪሙን ተወው። እማዬ ጤነኛ ናት፤ የምትጠብቀው አንተ እንድትነግራት ነው።

እህትህ