መለኪያው የሚያምነው ዓመት

ጥቅምት 6
ዛሬም ያው። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ መለኪያውም አልመለሰልኝም። ትእዛዝ እልካለሁ፣ የጥያቄ ምልክት ይተፋብኛል። ይሄ የፍሎራይድ መለኪያ በዕድሜ ይበልጠኛል። አምራቹ ድሮ ተዘግቷል፣ መመሪያው በጀርመንኛ ነው፣ እሱም ግማሹ የለም። ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር ጻፊ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት… አቶ ዲበኩሉ፣ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ በር ላይ ቆሞ "ልዩ፣ እስካሁን? ገመድ መሰካት አይደል እንዴ?" ይለኛል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም።

ጥቅምት 9
ተናገረ! ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ውሃውን የምትለካውን ፋዲላን አቅፌ አሽከረከርኳት። "ቁጥር በእጅ መገልበጥ ቀረልኝ?" አለች። ቀረልሽ።

ጥቅምት 13
አንድ ነገር አልገባኝም። ፋዲላ በየዓመቱ ፍሎራይዱ በታወቀ ውሃ መለኪያውን ታስተካክላለች። ሁሉም ውስጡ ተቀምጧል፣ አነበብኩት። የሚሠራው ግን በሷ ማስተካከያ አይደለም። ድሮ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ባስተካከለው ነው። ለምን?

ጥቅምት 14
ገባኝ።
ፈረንጁ የመጣው በነሱ 2019 ነው። ከሄደ በኋላ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየሩት፤ ደንበኛው ውጤቱ ላይ የፈረንጅ ቀን ሲያይ ይጨቃጨቃላ! ከዚያ ወዲህ የፋዲላ ማስተካከያ 2012፣ 2013፣ 2014… እያለ ገባ። ደደቡ መለኪያ ደግሞ ትልቁን ዓመት "የቅርብ" ብሎ ይይዛል። እኛ ዘንድሮ ገና 2018 ነን። ፋዲላን አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም።
ውሃው ውስጥ የሚነከረው ዘንግ ግን በየዓመቱ አርጅቷል። ባረጀ ቁጥር ፍሎራይዱን፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን፣ አሳንሶ ያሳያል። እኛ ደግሞ "ንጹህ" ብለን ማኅተም እንመታለን። ስንት ጉድጓድ ላይ?

ጥቅምት 15
ለአቶ ዲበኩሉ ነገርኩት። ሃይላንዱን ከፍቶ ጠጣ። እዚህ ቢሮ ሁላችንም የታሸገ ውሃ ነው የምንጠጣው፣ እኔም ጭምር… ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።
"ከዛሬ ጀምሮ አስተካክዪው። የድሮውን ንባብ አጥፊና አስረክቢ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።"
"አልፈሰሰም እኮ፣ እየተጠጣ ነው!"
"ሕዝብ ልታሸብሪ ነው? የተቀጠርሽው ለድራይቨር ነው።"
ፋዲላ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። "የለካሁት እኔ ነኝ" ብቻ አለች። አንቺ አይደለሽም ብዬ ጮህኩባት። እሷ ላይ! ምን አድርጋኝ?

ጥቅምት 18
አላጠፋሁም። የድሮውን ንባብ በሙሉ በፋዲላ ማስተካከያ እንደገና አሰላሁት። አብዛኛው ጉድጓድ ደህና ነው፣ ተመስገን። አንዱ ግን ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ። ከደራ መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በቅርቡ የመጣ ናሙናዋ ነበር፣ ፋዲላ ደግማ ለካችው። ያው።
አቶ ዲበኩሉ፣ "ቦርዱ ሳይወስን ማንም አይናገርም" አለ። ቦርዱ መቼ ነው የሚሰበሰበው? ኅዳር መጨረሻ! እስከዚያ ይጠጡ በለኛ።

ጥቅምት 20
ከፋዲላ ጋር ሄድን። ማንንም አላስፈቀድንም።
የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ጉዲቱ ትባላለች። እስከ መጨረሻው ሰማችን። አልደነገጠችም። ልጇን ሃዊን ጠራቻት። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መጣች።
"ቢሮአችሁ መጥተን ነበር እኮ" አለች ጉዲቱ። "የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ አልን። አንድ ሰውዬ፣ ማሽኑ ንጹህ ብሏል፣ ጥርሳቸውን አጽዱላቸው አለን። እኔም አጸዳሁ። ጠዋት ጠዋት በከሰል… ድዷ እስኪደማ። ሰነፍ፣ ቆሻሻ እያልኩ።"
ፋዲላ ፊቷን አዞረች። እኔ ስልኬን አወጣሁ፣ ለአቶ ዲበኩሉ ደወልኩለት፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ ጀመረ። ጉዲቱ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።
"አንተ ነህ። ድምፅህን አወቅሁት።"
ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።
"ቦር ማል ዱግና? ነገ ምን እንጠጣ?"
እሱ በቀጭን ድምፅ፣ "ነገ ጠዋት ውሃ በቦቴ እልካለሁ።" ለኔ ደግሞ፣ "አንቺ ከእንግዲህ ሥራ እንዳትመጪ።"
አልሄድም! ድራይቨሩ ይሠራል፣ ትክክለኛውን ዓመት ያነባል፣ ፋዲላ ታውቅበታለች። ለሥራዬ የማለቅስ መስሎኝ ነበር… አላለቀስኩም። ንዴቴ ግን እንዳለ ነው፣ አሁን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን ነክሻለሁ።
ከመመለሳችን በፊት የመንደሩ ሰዎች ጉድጓዱን በሰንሰለት ዘጉት፣ ለከብት ብቻ ሊከፍቱት። ጉዲቱ ለልጇ በኦሮምኛ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሃዊ ጥያቄ ጠየቀቻት። ፋዲላ ተረጎመችልኝ፦ "ነገ ጠዋት ከሰል የለም?" ነው ያለችው።
የለም አለቻት እናቷ። የለም፣ የኔ ልጅ።
ሃዊ እጇን ግን ከአፏ ላይ አላነሳችም።