የነፍሰ ጡሮቹን ዝርዝር ከግቢያቸው ውጪ ላለ ሰው ለዘጉት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ቻላቸው፣
በዳባት የእናቶች መረጃ ማዕከል ኃላፊ

የካቲት 24 ቀን፣ ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። የዘንድሮው ብርድ ጉልበትዎን እንዳይይዝብዎ፣ ኮምፒውተሮችዎንም ጉንፋን እንዳይነካቸው ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ የትናየት እባላለሁ። ወራቸው የገባ ሴቶች ከየገጠሩ ወርደው ምጣቸውን የሚጠባበቁበትን የደባርቁን ማቆያ ቤት ይዤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግኩትም ለክፋት ሳይሆን፣ ሦስት ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ተኝተው ስላሉ አራተኛውን ልኬ እንቅልፋቸውን እንዳልረብሽ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያረገዘችውን ሁሉ በታብሌታቸው ይመዘግባሉ፣ መዝገቡም እርስዎ ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። እኔ ደባርቅ ሆኜ እከፍተውና ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደችውን፣ ደም በዝቶ የፈሰሳትን፣ መንታ የያዘችውን እየለየሁ ወሯ ሳይገባ ውረጂ ብዬ አስጠራት ነበር። ከጥር ሃያ ወዲህ ግን ከግቢዎ ውጪ ሆኖ የሚከፍት ሰው ዝርዝሩን እንዳያይ ተደርጓል። አሁን ስገባ የሚያሳየኝ የራሴን ስም ብቻ ነው። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ፣ እኔ ግን አላረገዝኩም።

አቤቱታዬን በቁጥር ላስቀምጥ፣ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁና።

1ኛ፦ ለምን እንደዘጉት አውቃለሁ፣ የምክድ ሰው እንዳልመስልዎ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ እጁ የማያርፍ ሰው የአንዲትን ሴት የደም ምርመራ ውጤት ከሩቅ ከፍቶ አይቶ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ አወራው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ገበያ አትወጣም። ይህንን በመዝጋትዎ ደግ አደረጉ፣ እንዲያውም ሳይዘገዩ አልቀሩም። ነገር ግን እኔ የለመንኩዎ ውጤት አይደለም። የሴቲቱን ስም፣ መንደሯንና ወሯን፣ ከዚያም ቀድሞ በምን እንደወለደች ብቻ ነው። ሌባ ገባ ተብሎ በር ይቆለፋል እንጂ ባለቤቶቹ ውጪ ቀርተው ቤቱ በግንብ አይደፈንም።

2ኛ፦ የሴቲቱን ስም ልክ እንደተመዘገበ ከጻፍሽ ይከፈትልሻል ተብያለሁ። ለዚህ ለጋስነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ግን ክቡርነትዎ የአገራችንን ሙሽራ ረሷት እንዴ? አባቷ ቤት አንድ ስም አላት፣ ቄሱ ክርስትና ሲያነሷት ሌላ ሰጥተዋታል፣ ባሏ ቤት ስትገባ ደግሞ አማቷ ሦስተኛ ያወጡላታል። የባሏ መንደር የሚያውቃት አማቷ ባወጡላት ነው። እኛ ማቆያ ቤት የምንጠራት በክርስትና ስሟ ነው። መዝጋቢዋ የትኛውን እንደጻፈች የሚያውቀው የእርስዎ ሰርቨር ብቻ ነው። ዱሮ በመንደሯና በወሯ ፈልጌ አገኛት ነበር።

3ኛ፦ ከዚህ በኋላ የምጽፈው አያስቅም። አምቢኮ የምትባል መንደር አንዲት ሴት አለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕፃኑ ተጋድሞባት በቃሬዛ መጥታ በኦፕራሲዮን ወለደች። ሐኪሙም ሁለተኛ ቤትሽ እንዳታምጪ፣ የተሰፋው ማኅፀንሽ ሊተረተር ይችላል ብሎ አስጠንቅቋታል። በጥምቀት ሰሞን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚህ ስታልፍ፣ እትዬ የትናየት፣ ያቺ የአምቢኮዋ እኮ ደግማ ይዛለች፣ ወሯ መጋቢት መባቻ ነው፣ መዝግቤያታለሁ ብላኝ ሄደች። በየትኛው ስም እንደመዘገበቻት አልጠየቅኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዝርዝሩ አለ ብዬ ነው። ሠራተኛዋ አሁን የዓመት ፈቃድ ወጥታ ስልኳ ዝግ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደችዋ ብዬ እንዳልጠይቅ ምስጢሯ ነው፤ አምቢኮ ደውዬ በክርስትና ስሟ ብጠይቅ፣ እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም እታለም አሉኝ። ሰርቨርዎንም ብጠይቀው ያንኑ መለሰልኝ፣ ያውም እታለም ሳይለኝ። መጋቢት ሊገባ ሳምንት ቀረው።

4ኛ፦ ባለፈው ሐሙስ በሚኒባስ ዳባት ድረስ መጥቼ ነበር። የቢሮዎ ሰው አቶ ፀጋው በጣም ጨዋ ናቸው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ያለ እሳቸው ፊርማ ዝርዝር ለውጪ ሰው አይታይም አሉኝና መስኮቱ ሥር ቆሜ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። የሚቀመጡበት ስላልነበረ ግድግዳዎ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ሲመሽ፣ እሳቸው ዛሬ አይመለሱም ተባልኩ። ሰርቨሩ ከእኔ በሦስት እርምጃ ነበር፣ ግን በመስኮቱ ማዶ ስለቆምኩ ያኔም የሩቅ ሰው ተባልኩ።

5ኛ፦ አምስተኛም ነበረኝ፣ በእሱ ፋንታ ሦስተኛውን ደግመው ያንብቡልኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ውጤቱን ይቆልፉ፣ ቁልፉንም ሁለት ያድርጉት። ስሙን፣ መንደሩን፣ ወሩን ግን ለማቆያ ቤቱ ይክፈቱልን። የሴትዮዋን ስም እዚህ አልጻፍኩትም፤ ደብዳቤዬ ግልጽ ቢሆንም የእሷ ጉዳይ ግልጽ አይደለምና። ምስጢር መጠበቅ እኛም ትንሽ ትንሽ እንሞክራለን።

መስኮትዎን ሳይሆን ፊትዎን ለማየት እንዲያበቃኝ እየተመኘሁ፣ ለጤናዎና ለፊርማዎ ረጅም ዕድሜን እለምናለሁ።

አክባሪዎ፣
ከግቢዎ ውጪ ያለችው
የትናየት

ማስታወሻ፦ የካቲት 27 ቀን የተጨመረ። ከላይ ያለውን ጽፌ ስጨርስ እጄ አላርፍ አለ። ያን ሐሙስ ካነበብኩት መካከል፣ ከባሕረ ሐሳቡ ካላንደር አጠገብ፣ የእርስዎ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በትልልቁ ተጽፎ ተለጥፎ ነበር። ቀስ ብዬ ነው የማነብ፣ ግን አልረሳም። በእርስዎ ስም ገባሁ። እርስዎ ከየትም ሆነው ይከፈትልዎታል፤ ደስ ሲል። በመንደሯና በወሯ ፈልጌ የአምቢኮዋን አገኘኋት፣ የተመዘገበችው አማቷ ባወጡላት ስም ነው። በበቅሎ አወረዷት፣ ትናንት ገባች። አዋላጇ አይታት፣ ሦስት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አለችና ሳትጨርስ ተወችው። ለቅጣቱ አድራሻዬን ያውቁታል። የይለፍ ቃልዎን ለማንም አልነገርኩም፣ ወረቀቱን ግን ከግድግዳው ያንሱት። ያየሁትም የእሷን መስመር ብቻ ነው፣ አይቼ ዘጋሁት። በሚያዝያ የሚወልዱትን ስም አላየሁም። እነሱን በእርስዎ ፈቃድ ላያቸው ነው የምጠብቅ።