ሻይ የማይበርድባት ከተማ

ጥቅምት 3

ከዛሬ ጀምሮ የመመለሻ ድንጋዬን ወደ ጨው ወደብ ማዛወሬን ለሚመለከተው ሁሉ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። የሚመለከተው እኔን ብቻ ነው። ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ለታሪክ ይቀመጥ፦ በዚህ ጌም ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ድንጋይ አለው። የትኛውም ጫካ ብትጠፋ፣ ዘንዶ ቢያሳድድህ፣ ድንጋዩን ስትነካ ቤቴ ብለህ ወዳስመዘገብካት ከተማ ይመልስሃል። ስለዚህ ከተማ መምረጥ ቀልድ አይደለም። ለትዳር እንኳ እንዲህ አይጠናም... ለዚህ ይሆን ያላገባሁት?

ጨው ወደብ ያሸነፈችው በአሠራሯ ነው። ባንኩ፣ ጨረታ ቤቱ፣ አንጥረኛው፣ ሁሉም አንድ አደባባይ ዙሪያ። ርቀት የምለካው በሻይ ነው። ቀድቼ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ጉዳዬን ጨርሼ ሳነሣው ገና ይፋጃል። እንግዲህ ምቹ ከተማ ማለት፣ ማንንም ሳታናግር ጉዳይህን ጨርሰህ ሻይህ ሳይበርድ የምትመለስባት ናት። ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

እማዬ ከአልጋዋ፦ «ማንን ነው የምታናግረው?»

«ማንንም።»

«እሱማ አመልህ ነው።»

ጥቅምት 5

ሥራ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሊፍት መሃል ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። እኔና ብሎን ጉድጓዱ ውስጥ ገብተን ስለ ከተማ ተከራከርን። ብሎን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ አንዴ ከያዘ የማይላላ። እሱም ይጫወታል። የሚኖረው ገደል አፋፍ ነው፤ ቋጥኝ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ። ገበያው ታች፣ ባንኩ ላይ፣ መሃላቸው ሊፍት።

«በር የሌለው ሊፍት!» አልኩት። «ማን ነው የፈረመበት?»

«ዕይታው ግን...»

«ዕይታው የሚታየው እየወደቅክ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ከሰዓት እህቴ ደወለች። እትዬ ስትደውል ሰላምታ የለም። «የሰውን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ትውላለህ፣ እናትህን አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለሃታል!»

ምን ልበል? እውነት ነው። የምንኖርበት ሕንጻ ሊፍት የለውም። እማዬ ክረምት ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ድኗል፤ ቤት ውስጥ በምርኩዝ ትሄዳለች። ደረጃው ግን... ከሆስፒታል ካመጣናት ወዲህ መሬት አልረገጠችም። የእትዬ ቤት ደረጃ የለውም፤ ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። እማዬ እምቢ። «ከቤቴ የምወጣው በሳጥን ነው።»

ሳጥኑም ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አይዞርም። በዓይኔ ለክቼዋለሁ። አልነገርኳትም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

«እስኪ እኔም ልሂድ» አለች እማዬ ከኋላዬ።

«የት?»

«እዚያ አንተ ስትሄድ የምትውልበት።»

ወንበሬን ለቀቅኩላት። ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ክንፍ ያላት ልጅ አለች፣ ፀጉሯ ብር የሆነ ንግሥት አለች... ሁሉንም አልፋ አንድ ቀንዳም፣ ፀጉራም፣ በር የማያስገባው ግዙፍ ላይ ቆመች።

«ይሄኛው።»

«እማዬ! ለምን?»

«ዳሌው ጠንካራ ይመስላል።»

ስም ሲጠይቅ «ጎረቤት በለው» አለች።

ጎረቤት የከተማው በር ላይ ደረሰና ዘበኛው ፊት ተገተረ። «ሰላም ዋልክ በልልኝ።» ጻፍኩ። ዘበኛው ዝም። «ድገምለት፣ አልሰማ ይሆናል።» ዝም።

«እማዬ፣ ሰው አይደለም እኮ። ሥዕል ነው።»

«ቢሆንስ? ሰው መስሎ እስከቆመ ድረስ ይመልስ።»

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የጉብኝት ቀን። በመጀመሪያ ጨው ወደብ። በኩራት አስገባኋት። አደባባዩ ላይ ሰው ሁሉ ይሮጣል።

«እሳት ተነሣ እንዴ?»

«ጉዳይ አላቸው።»

«ሲደክማቸው የት ነው የሚቀመጡት?»

ፈለግሁ። ዞርኩ። በየጥጉ አየሁ... የለም። ስንት ዘመን ስመላለስባት አንድ አግዳሚ እንደሌላት አላየሁም። እንዴት ላየው? የምቀመጠው እዚህ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ።

ቀጥሎ ገደል አፋፍ። ሊፍቱን ገና ሲያዩት ያስፈራል። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ የጠገንከው?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው አልሳፈርም።»

ብሎን ቢሰማ! ግን ጣቷ ሳተ መሰለኝ፣ ጎረቤት አንድ እርምጃ አበዛ። ከአፋፉ ለቀቀ። ወረደ፣ ወረደ... በጉም ውስጥ፣ በቀስታ፣ እንደ ላባ። እማዬ «ወይኔ!» ብላ ዳሌዋን ያዘች። በሁለት እጇ።

ልዝጋው? ምን ነክቶኝ ነው ይሄን ያሳየኋት?

ከታች፣ አንድ ምንጭ አጠገብ፣ ጎረቤት ብድግ አለ።

«ተነሣ?»

«ተነሣ።»

«ምንም አልሆነ?»

«ምንም።»

ብዙ አየችው። «ታድሎ» አለች።

ጥቅምት 20

ቅጠል ማማ።

እንዴት ብዬ ልጻፋት... ደመና የሚያህሉ ዛፎች ላይ የተሠራች ናት። ስትገባ ጭጋግ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ፋኖስ። ከዚያ ሌላ። ከሥር ውኃ የሚመስል ድምፅ አለ፣ ውኃው ግን አይታይም። ቅጠል ይወርዳል፤ መሬት ሲደርስ አይቼ አላውቅም። እዚያ ሁልጊዜ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ሁልጊዜ ልትጠልቅ ትላለች እንጂ አትጠልቅም።

በአሠራር ረገድ ቅሌት ናት። ባንኩ አንድ ዛፍ ላይ፣ ጨረታ ቤቱ ሌላ ዛፍ ላይ፣ አንጥረኛው የት እንደሆነ አንጥረኛው ራሱ አያውቅም። ድልድዮቹ ሁሉ ይጠማዘዛሉ። ሻዬ በረደ። ሌላ ቀዳሁ፤ እሱም በረደ።

«አየህ?» አለች እማዬ።

«ምኑን?»

«ሰማይ ድረስ ወጣን፣ ደረጃ ግን የለም። የሚጠማዘዘው ለዚህ ነው። ቀስ አድርጎ ያወጣሃል።»

ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁ። እውነት አንድም ደረጃ የላትም! ስወጣ ስወርድ የምኖር የሊፍት ሰው ሆኜ...

በየድልድዩ ጫፍ ደግሞ አግዳሚ አለ። ጎረቤት ሄዶ ተቀመጠ። እማዬ እጇን ከማውሱ አነሣች። ትከሻዋ ወረደ፣ ረዥም መንገድ ተጉዞ እንዳረፈ ሰው። ሁለቱም ዝም ብለው ፀሐይዋን ያያሉ። ሦስታችንም ለማለት ነው።

ጥቅምት 21

ቅጠል ማማ በምዘናው ወድቃለች። ሌሊቱን ግን በሕልሜ የሕንጻችን ደረጃ ጠመዝማዛ ድልድይ ሆኖ አደረ።

ኅዳር 2

ከሥራ ስገባ እማዬ ብቻዋን ቅጠል ማማ ገብታለች። አግዳሚው ላይ ከጎረቤት አጠገብ አንዲት ቀስተኛ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ አረንጓዴ ካባ የለበሰች። እማዬ በአንድ ጣት ትጽፋለች፣ ፊደል እየፈለገች፣ አፏን እያንቀሳቀሰች።

«ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። መንገድ ደክሟት አረፍ አለች።»

«ስለ ምን ታወራላችሁ?»

«ራስ ምታት አለባት። ውኃ ጠጪ አልኳት።»

እኔ ጨው ወደብ ስንት ሰው አውቃለሁ? ስማቸውን ጨረታ ቤት ሰሌዳ ላይ አያለሁ። ይሄው ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

እትዬ አራቱን ፎቅ ወጥታ መጣች። ትንፋሿን ሳትሰበስብ እማዬን ስክሪኑ ፊት አገኘቻት።

«ምንድን ናት ይቺ ቀንዳም?»

«ወንድ ነው» አለች እማዬ። «እኔ ነኝ።»

«ጉድ ፈላ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ልጆቼ አያታቸውን በስልክ ብቻ ይወቋት፣ እናንተ እዚህ ዛፍ ለዛፍ ትንጠላጠላላችሁ!»

«ቢያንስ ትዝናናለች» አልኩ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ወረደ። ስትጮህ አልፈራትም፤ ድምፅዋ ሲወርድ ነው።

«እኔ ነይ ስላት ኖሬያለሁ። አንተ አንድ ቀን ሂጂ ብለሃት ታውቃለህ?»

እማዬ የምርኩዟን እጀታ ታሻለች። እኔ የማውሱን ገመድ እጠቀልላለሁ። እትዬ ዓይኗን ጠርጋ ወረደች። የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ቆየ።

ሂጂ አላልኩም። ለምን? ደረጃውን ፈርቼላት ነው... ነበር የምለው። እሷ ከሄደች ግን ማታ ስገባ «ማንን ነው የምታናግረው?» የሚለኝ ማን ነው?

ኅዳር 9

«ድንጋዬን ቅጠል ማማ አደረግሁት» አለች ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«ማን አሳየሽ?»

«ቀስተኛዋ።» ምርኩዟን ወደ ራሷ ሳበች። «በፊት የተመዘገብኩባት ከተማ ትጠፋለች?»

«አትጠፋም። እዚያው ናት።»

«ሲያሰኘኝ መመለስ እችላለሁ?»

«በእግር፣ አዎ።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሷ ግን መስኮቱን ታያለች።

«አባትህ የሰቀለው መጋረጃስ?»

ጌሙ ውስጥ መጋረጃ የለም። ስለ ጌሙ እያወራን አልነበረም። መቼ እንደተውነው አላውቅም።

«እኔ አለሁለት» አልኩ። ከዚያ... ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ... «ሂጂ፣ እማዬ።»

ምርኩዟን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ መታችው። «ለእህትህ ደውልላት። ቀድመህ ሰላም በላት፤ እሷ እንደሁ አትልም።»

ኅዳር 14፣ እሑድ

ብሎን ከሥራ ቦታ ቀበቶ ይዞ መጣ። እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጠን አሰርናት። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሁለት የሊፍት ጠጋኞች ሊፍት ሆንን።

«በሩ የታለ?» አለች እማዬ።

«የለውም» አለ ብሎን።

«ማን ነው የፈረመበት?»

ብሎን ሳቀ፤ ወንበሩ ተነቃነቀ። «አታስቂኝ እማማ፣ ጭነት ይዣለሁ!» «ጭነት እናትህ ናት!» አለችው። በየፎቁ በር እያስቆመች ጎረቤቶቿን ተሰናበተች። ብዙዎቹ ከክረምቱ ወዲህ የት እንደገባች ሲጠይቁ የኖሩ ናቸው። ጠይቀው ነበር እንዴ? ማንን? እኔን እንዳይሆን... ደረጃውን የምወጣው ቁልቁል እያየሁ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንበሩ አልዞር አለ። እንደፈራሁት። ወደ ግራ ሞከርን፣ ወደ ቀኝ፣ አዘንብለን... እምቢ። ብሎን ላቡ ጠብ አለ።

«ፍቱኝ» አለች እማዬ።

«እማዬ...»

«ፍታኝ አልኩህ! ወንበሩን በላይ አሳልፉት።»

ፈታኋት። አንድ እጇን መደገፊያው ብረት ላይ፣ አንዱን እኔ ላይ አደረገች። አንድ እግር። ቆመች። ሁለተኛው እግር። በደረጃው መስኮት የገባው ብርሃን ላይ አቧራ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መሬት የሚደርስ አይመስልም... እዚህ ቦታ የነበርኩ መሰለኝ። ደግሞ አንድ እግር። ሳጥን የማይዞርበትን መታጠፊያ እማዬ በእግሯ ዞረችው።

ከታች እትዬ ከልጆቿ ጋር ቆማለች። እማዬ መሬቱን በምርኩዟ ቆርቆር አደረገችው፣ የሚያስተማምን መሆኑን እንደሚፈትሽ ሰው።

«ሰላም ዋላችሁ» አለች። ሁሉም መለሱ።

ኅዳር 16

ማታ «ማንንም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ቅጠል ማማ ገባሁ። ጎረቤት አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፤ ከሳምንት በላይ ማንም አልነካውም፣ ቅጠል ቀንዱ ላይ አርፏል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትላለች። ቀስተኛዋ መጣች።

«እማማ የት ሄዱ?»

«ምድር ወረዱ» ብዬ ጻፍኩ።

«ኧረ! ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ራስ ምታትሽስ?»

«ውኃ እየጠጣሁ ነው» አለችኝ።

በዚህ ጌም ውስጥ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ሰው ያናገርኩት ገና ዛሬ ነው። ደግሞ ደስ ይላል። ማን ያውቅ ነበር?

ስልክ። እማዬ ናት። «ሻይ ቀድቼልሃለሁ፣ ና።» ተነሣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ እማዬ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ ቆምኩ። ታች ባለ ሱቁ ጠየቀኝ፤ ቆምኩ። መንገድ ላይ ብሎን ቀበቶውን ሊወስድ ሲመጣ አገኘኝ፤ ስለ ገደል አፋፍ ጨቀጨቀኝ።

እማዬ ከእትዬ ቤት አጠገብ አንዲት ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሏት ትልሰዋለች፣ እማዬ አቅጣጫ ትሰጣታለች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እውነት ትጠልቃለች፣ ይሄኛዋ።

«ጎረቤት ናፍቀሽዋል፣ እማዬ» አልኳት። «አግዳሚው ላይ ተኝቷል።»

«ይተኛ፣ ብዙ ለፍቷል።» ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። «ማንን ስታናግር ነው የቆየኸው? ሻይህ በረደ።»

እርማት። ጥቅምት 3 ቀን «ምቹ ከተማ ማለት፣ ማንንም ሳታናግር ጉዳይህን ጨርሰህ ሻይህ ሳይበርድ የምትመለስባት ናት» ተብሎ የወጣው መግለጫ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። «ማንንም ሳታናግር» የሚለው ይሰረዝ። ቅጠል ማማ ላይ የተሰጠው የውድቀት ውሳኔ ተሽሯል፤ ለተፈጠረው መጉላላት መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም እኔ፣ ይቅርታ ይጠይቃል። የበረደ ሻይ የሚጠጣ መሆኑንም በቦታው ተገኝተን አረጋግጠናል።